ልኩን ያለፈ ጥበት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ታሪኩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ካርል ቬርኒኬ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ሦስት ሕመምተኞች ጻፈ። ሁለቱ መጠጥ ያዘወትሩ የነበሩ ወንዶች ናቸው። ሦስተኛዋ የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰልፈሪክ አሲድ ጠጥታ ለጊዜው ተርፋለች፤ አሲዱ ያቃጠለው የጨጓራዋ የታችኛው በር ግን በጠባሳ ተኮማትሮ ጠበበ። የበላችው ወደ ታች አልወርድ አለ። ታስመልሳለች፣ ደግሞ ታስመልሳለች። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ዓይኖቿ እንደ ልብ መዟዟር ተሳናቸው፣ እርምጃዋ ተንገዳገደ፣ አእምሮዋ ተምታታ፤ በመጨረሻም ሞተች። ቬርኒኬ አንጎሏ ውስጥ የደረሰውን ጉዳት አይቷል፤ መንስኤውን ግን አላወቀም። ከየት ያውቀዋል? የቫይታሚን ቢ 1 እጦት ነበር፤ ቫይታሚኑ ተነጥሮ የወጣው ደግሞ በ1926 ነው።

ይህችን ልጅ ያዙልኝ። አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር።

በ1960ዎቹ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። በቁስለት የተነሳ የጨጓራቸው ከፊል ተቆርጦ የወጣላቸው ሰዎች እንደሚከሱ፣ መልሰው ለመወፈርም እንደሚቸገሩ ልብ አለ። ለእነሱ ጉዳት የሆነው ነገር ከልክ በላይ ለወፈረ ሰው መድኃኒት ይሆን ዘንድ በ1966 ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር ዛሬ ባይፓስ የምንለውን ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ለይቶ ከአንጀት ጋር ማገናኘት ማለት ነው።

ሜሰን በዚህ አላበቃም። በ1980 ደግሞ አንጀት ሳይነካ ጨጓራውን በስቴፕለር ከፍሎ፣ መውጫው እንዳይሰፋ ዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማሰሪያ አጠለቀለት። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ማሰሪያው አይለጠጥማ! ግን የማይለጠጥ ነገር ይቅርታም የለውም። በአንዳንዱ ሰው ላይ መውጫው ከታሰበው በላይ ጠበበ። ሥጋው አልወርድ፣ ዳቦው አልወርድ። ምን ይወርዳል? አይስክሬምና ጣፋጭ ሼክ! እነሆ ሰው ምግቡን እየተፋ በአይስክሬም መልሶ ወፈረ። ይህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና ዛሬ የተተወ ያህል ነው።

ከዚያ ስሊቭ መጣ። የመጣበት መንገድ ደስ ይላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ሚሼል ጋኜ የተባለ ሐኪም እጅግ ከባድ ክብደት ያላቸውን ሰዎች ሲያክም ረጅሙ ቀዶ ሕክምና ለእነሱ አደገኛ ሆነ። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ መጀመሪያ ጨጓራውን አጥብቦ ክብደት ማስቀነስ፣ ከወራት በኋላ አንጀቱን መሥራት። ግን ብዙዎቹ በመጀመሪያው ብቻ በደንብ ከሱ፤ ሁለተኛው ሳያስፈልጋቸው ቀረ። ግማሹ ሥራ ሙሉ ሥራ ሆነና በዓለም ላይ ከሁሉ በብዛት የሚሠራው ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ለመሆን በቃ።

በስሊቭ ከጨጓራው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረውን ለመለካት በአፍ በኩል ቱቦ ይገባል፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስቴፕለሩ ቱቦውን ታክኮ ይወርዳል። ጨጓራ በተፈጥሮው ወገቡ ላይ ይታጠፋል፤ ሐኪሙ እዚያ ላይ አብዝቶ ከተጠጋ፣ ወይም ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ከጎተተው፣ መተላለፊያው ይጠባል። ሌላም ዓይነት አለ፤ የስፌቱ መስመር ዞሮ ጨጓራው ሲጠመዘዝ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሲጠመዘዝ አይታችኋል? ጎማው ያው ጎማ ነው፤ ውሃው ግን ቆሟል። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ የሚገባው ካሜራ፣ አንዳንድ ጊዜ ይህን አልፎ ይወርድና «ክፍት ነው» ይባላል፤ ሕመምተኛው ግን ማስመለሱን አላቆመም። ፈሳሽ አስውጦ በኤክስሬይ ማየት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ይህ ጥበት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ በአብዛኞቹ ጥናቶች ከ100 የስሊቭ ታካሚ ከ4 አይበልጥም። በባይፓስ፣ ከረጢቱና አንጀቱ በተሰፉበት ቦታ፣ ከዚህ በላይ ሊያጋጥም ይችላል።

አሁን አንዲት ሴት እናስብ። ውጭ አገር ሄዳ ስሊቭ ተሠራች፤ አዲስ አበባ ተመለሰች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት ስላለ ትንሽ ማቅለሽለሽ ያለ ነው። ቆይቶ ግን መረቁም እየተመለሰ መጣ፤ ቀጥሎ ውሃው፤ ቀጥሎ ምራቋ። ጎረቤት እማማ ምን ይላሉ? «አይዞሽ ልጄ፣ ትንሽ ነው የምትበይው ተብሎ የለ?» ዘመድ ደግሞ «እንዴት አማረብሽ!» ይላል። የዚህ በሽታ ተንኮል ይህ ነው፤ ምልክቱ ከተከፈለበት ውጤት ጋር ይመሳሰላል። ትንሽ መብላትም መክሳትም የተፈለጉ ናቸው። ውሃ አለመዋጥ ግን በየትኛውም ውል ውስጥ የለም።

ስትዳከም ሰፈር ያለ ክሊኒክ ትወሰዳለች። በእኛ አገር የተዳከመ ሰው ምን ይደረግለታል? ግሉኮስ ይተከልለታል። ያችን ልብስ ሰፊ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሰውነት የሚያከማቸው ቢ 1 ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቢያቆይ ነው። ባዶ በሆነው ላይ ስኳር ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቢ 1 አሟጥጦ ያ የዓይን፣ የእግርና የአእምሮ መዘዝ በድንገት ሊከተል ይችላል። ቢ 1 አስቀድሞ በመርፌ ከተሰጠ ግን አደጋውን ማስቀረት ይቻላል።

ጥበቱ ራሱ መላ አለው። በኢንዶስኮፒ ባሉን ገብቶ ይነፋል፤ ለስሊቭ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሰፋ ባሉን ይጠቀማሉ። ብዙ ጊዜ አንዴ አይበቃም፤ ይደጋገማል። እምቢ ካለ ስሊቩ ወደ ባይፓስ ይቀየራል።

እንግዲህ ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ሳትቀበሉ ከሆስፒታሉ አትውጡ። ውሃ አልረጋ ካለ አንድ ቀን ከማለፉ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እዚያም ማንም ሳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ጨጓራዬ ተቆርጧል፣ እያስመለሰኝ ነው፣ ከግሉኮሱ በፊት ቢ 1 ስጡኝ።»