የተማሪ እንጀራ

ሰው ስለ ውጭ አገር ትምህርት ሲያወራ ከአውሮፕላኑ ይጀምራል። እኔ ግን በአዊ ዞን ከፋግታ ለኮማ ገጠር ወጥቼ አዲስ ቅዳም ከተማ የተማርኩ ነኝና አስቀድሜ የምጠይቀው «ማን አበላው?» ብዬ ነው።

በእኛ አገር ከቤት ርቆ መማር ድሮ የቆሎ ተማሪ ዕጣ ነበር። ቅኔ የፈለገ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ ዱላውን ይዞ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ይነጉዳል። የሚርቀው ሆን ብሎ ነው፤ በዘመድ ደጅ መለመን ያሳፍራል፣ ቅርብ ከሆነም አባት መጥቶ ለእርሻ ይመልሰዋል። በባዕድ መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ይቆማል። ቁራሹ ከየቤቱ ስለሚሰበሰብ የጤፉ፣ የዳጉሳውና የገብሱ አንድ ላይ አኩፋዳ ውስጥ ይደርቃል፤ ማታ ጎጆው ሲገባ ያንኑ በውሃ እያራሰ ይበላል። አፉን በአዊኛ የፈታ ልጅ ደግሞ የሚለምነው በአማርኛ፣ የሚቀኘው በግዕዝ ነበር። ይህ ውጭ አገር ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ ልመናው ቀርቶ ስንቅ ተተካ። ከየቀበሌው የመጣን ልጆች ተዳብለን ክፍል እንከራያለን፤ ቅዳሜ ወላጆቻችን ገበያ ሲወጡ ድንቹ፣ ሽሮው፣ ድርቆሹና የገብስ በሶው ይደርሰናል። እናቴ በሶውን ሁለት ቦታ ቋጥራ «ትልቁን እስከ ረቡዕ እንዳትነካው» ትለኝ ነበር። ሰምቻት አላውቅም። ሐሙስና ዓርብ የቅቅል ድንች ቀን ነበሩ። ክፍል ውስጥም መምህሩ የሚያስተምረው በአማርኛ ነው፤ አዊኛ በዞናችን የታችኞቹ ክፍሎች ማስተማሪያ የሆነው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ነው።

ኩባ ስለተላኩት ልጆች ሲወራም የማዳምጠው በዚሁ ጆሮ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ ከ2,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ፣ «የወጣቶች ደሴት» ወደሚባለው ስፍራ ሄዱ። ትምህርቱ በስፓኒሽ ነው፤ አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ የሚያስተምሯቸው መምህራን ከዚሁ ተላኩላቸው። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን ብርቱካንና መሰል ፍሬዎች እርሻ ላይ ይውላሉ። ይህን ሶሻሊዝም ያመጣው አዲስ ነገር አድርገው ሲያወሩልኝ ፈገግ እላለሁ፤ የቆሎ ተማሪም ለየኔታ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም ነው የኖረው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በመንደር አንዱ ደጅ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል። እነዚያን ልጆች የላካቸው መንግሥት ግን በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ ገና ኩባ የነበሩት መሄጃ አጡ፤ እዚያው የቀሩም፣ ወደ ሌላ አገር የተበተኑም አሉ።

ዛሬ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ «ማን አበላው?» የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ይፈርማል፤ ኮስት ሼሪንግ የሚሉት ነው። የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው አባቱ ይህን ሰምቶ ሊጠይቀኝ መጣ።

«የበላውን ነው የሚከፍለው?»

«አዎ፣ ኋላ ከደመወዙ ይቆረጣል።»

ጥቂት አሰበና «እንግዲያ በሶው ከቤት ይሂድለት» አለ።