የመስኮብ ወፍራም መጽሔቶች

ፓርላማ ባልነበረበት፣ ጋዜጣውም ከቤተ መንግሥት ወሬና ከሹመት ማስታወቂያ እምብዛም በማያልፍበት በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የመስኮብ አገር፣ ሰው ከርስቱ ጋር ስለሚሸጠው ጭሰኛ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት ሥርዐት የሚያስበውን በጥቂቱም ቢሆን ሊገልጥ የሚችልበት አንድ ሥፍራ ቢገኝ፣ እርሱ በወር በወር ከማተሚያ ቤት የሚወጣው፣ ልብ ወለድ ታሪክንና ሐተታን ባንድ ጠርዞ የሚይዘው መጽሔት ነበር። ሩሲያውያን እነዚህን መጽሔቶች «ወፍራሞቹ» ይሏቸዋል፤ አንዱ ቅጽ ብቻውን መጽሐፍ ያህላልና ስሙ ይገባቸዋል። የዓመቱን ዋጋ አስቀድሞ የከፈለው ደንበኛ፣ ከፒተርስቡርግ ወይም ከሞስኮ በፖስታ ሠረገላ ጭቃውንና በረዶውን አቋርጦ የመጣለትን ቅጽ ተቀብሎ፣ ያልተቈረጠውን የገጽ ጠርዝ በቢላ እየሰነጠቀ ያነባል፤ እርሱ ሲጨርስ ጎረቤቱ ይዋሰዋል።

ነገሩን በንግድ ጥበብ ያቃናው በ1834 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) የተጀመረው «የንባብ ቤተ መጻሕፍት» ነው። አዘጋጁ ሴንኮቭስኪ ግብፅንና ኑብያን ዞሮ ያየ፣ በፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ዐረብኛና ቱርክኛ የሚያስተምር ሊቅ ሲሆን፣ መጽሔቱን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሳያዛንፍ ስለሚያወጣ አምስት ሺሕ ያህል ደንበኛ አገኘ። የሰውን ድርሰት እንደ ፈቀደ እየፋቀና እየጨመረ ማተም ልማዱ ነበርና፣ ደራስያን ክፍያውን ቢወዱለትም ብዕሩን አይወዱለትም ነበር። የቅድመ አያቱ የአብራም ሃኒባል የትውልድ አገር ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ቢያከራክርም እኛ ከወገናችን አንዱ አድርገን የምንቈጥረው ባለቅኔ ፑሽኪን ደግሞ፣ በ1836 «ሶቭሬሜኒክ» የተባለውን መጽሔት በዓመት አራት ጊዜ እንዲወጣ አድርጎ መሠረተ። የጎጎልን «አፍንጫ» እና የራሱን «የሻምበሉ ልጅ» አትሞበት እንኳ ደንበኛው እንዳሰበው አልበዛለትም፤ አራት ቅጽ አውጥቶ በ1837 መጀመሪያ በሽጉጥ ፍልሚያ ቈስሎ ሞተ።

መጽሔቱ እውነተኛ ኀይሉን ያገኘው ባለቅኔው ኔክራሶፍና ባልንጀራው ፓናየፍ ተረክበው ከጥር 1847 ጀምሮ በየወሩ ሲያወጡት ነው። በዚያ በመጀመሪያው ቅጽ፣ ከታላላቆቹ ድርሰቶች በኋላ፣ ቅራቅንቦው ሁሉ በሚገባበት በ«ልዩ ልዩ» ክፍል ውስጥ፣ ወጣቱ ቱርጌኔፍ የሁለት ጭሰኞችን ጠባይ የገለጠበት አጭር ጽሑፍ ገብቶ ነበር። የቦታው አሰጣጥ እንደሚመሰክረው አዘጋጆቹ ትልቅ ነገር አልመሰላቸውም። አንባቢው ግን ጭሰኛ እንደ ማንኛውም ሰው ዐሳቢ፣ ብልህና ወዳጁን ወዳድ ሆኖ ሲታይ ልቡ ተነካና ሌላም ይጨመርልን አለ፤ ቱርጌኔፍም በሚቀጥሉት ዓመታት ሃያ ያህል ታሪክ በዚያው መጽሔት እያከታተለ አወጣ። ሳንሱሩ እያንዳንዱን ለብቻው ሲመረምረው፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ቃል እየሰረዘ፣ የአንድ አዳኝ ጨዋታ ነው ብሎ አሳለፈው። በ1852 ባንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ሲታተሙ ግን በጭሰኝነት ሥርዐት ላይ የቀረቡ ምስክሮች መሆናቸው ተገለጠ፤ መጽሐፉን ያሳለፈውም ሳንሱር ከሥራው ተሻረ። እኔ የወርኀዊ መጽሔትን ኀይል ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም፤ ጠባቂው ቍራጩን ሲመዝን፣ አንባቢው ከወር እስከ ወር በልቡ ሲያብላላው የቈየውን ድምሩን ይይዛልና።

የ«ሶቭሬሜኒክ» ሐያስያንም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ዶብሮሊዩቦፍና ቼርኒሼቭስኪ ሁለቱም የቄስ ልጆች፣ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ያደጉ ነበሩ፤ ምናልባት ከንባቡ በስተጀርባ ትርጓሜ መፈለግን የተማሩት ከዚያው ይሆናል። ዶብሮሊዩቦፍ በ1859 ከአልጋው መነሣት ስለሚያቅተው ስለ ኦብሎሞፍ ሲጽፍ፣ ላይ ላዩን የሚሔሰው የጎንቻሮፍን ልብ ወለድ ነው፤ ውስጠ ወይራው ግን በጭሰኛ ላብ ተደላድሎ የሚኖረውን መኰንን ሁሉ የሚነካ ነበር።

ቼርኒሼቭስኪ በ1862 ተይዞ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ምሽግ ሳለ «ምን ይደረግ?» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። መርማሪዎቹ አይተው ወደ ሳንሱር አሳለፉት፤ ሳንሱሩም እነርሱ ካሳለፉት እኔ ምን አገባኝ ብሎ አሳለፈው። ኔክራሶፍ ረቂቁን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ጥቅሉ ከመንገድ ላይ ወደቀበት። ጭንቀቱ እንዲህ ነው አይባልም፤ እስረኛው ሌላ ቅጂ የለውምና። ላገኘ ሰው 50 ሩብል እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ ያወጣው ደግሞ፣ ነገሩ ያስቃል፣ የከተማው ፖሊስ በሚያሳትመው ጋዜጣ ላይ ነበር። አንድ ድኻ ጸሐፊ አግኝቶት መለሰለት፤ ልብ ወለዱም በ1863 በሦስት ተከታታይ ቅጾች ወጣ። መንግሥት ነቅቶ እንዳይታተም ሲከለክለው ወጣቶች በእጃቸው እየገለበጡ አባዙት። «ሶቭሬሜኒክ» ራሱ፣ በ1866 በንጉሠ ነገሥቱ በዳግማዊ እስክንድር ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ተዘጋ።

በዚያው ዓመት የመንግሥት ደጋፊ የሆነው የካትኮፍ «ሩስኪ ቬስትኒክ» በሞስኮ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» በክፍል በክፍል ያወጣ ነበር፤ በየካቲቱ ቅጽ ደግሞ በኋላ «ጦርነትና ሰላም» የተባለው የቶልስቶይ ሥራ ክፍል አብሮ ገባ። ደንበኛው ባንድ ወር ምን ያህል ጸጋ በእጁ እንደ ያዘ ያወቀ አይመስለኝም። ይህ ካትኮፍ «አና ካሬኒናን» ከ1875 ጀምሮ ሲያትም ቈይቶ፣ ቶልስቶይ በመጨረሻው ክፍል በቱርክ ላይ ለመዋጋት ወደ ሰርቢያ ስለሚዘምቱት ፈቃደኞች የጻፈውን ስላልወደደ፣ በ1877 ታሪኩ በባለታሪኳ ሞት ተፈጽሟል የሚል ማስታወሻ አውጥቶ ዘጋው፤ ቶልስቶይ ተቈጥቶ የቀረውን በራሱ ወጪ ለብቻው አሳተመ። ያን ያህል ዘመን ለጠበቀ አንባቢ ግን በማስታወሻ መሰናበት ንቀት ነው።

አብዮቱ ብዙ ነገር ሲገለብጥ ይህን ልማድ አልገለበጠውም። ባለቅኔው ትቫርዶቭስኪ «ኖቪ ሚር»ን ሲያዘጋጅ፣ በሶቪየቱ መሪ በክሩሽቾፍ ፈቃድ በኅዳር 1962 የሶልዤኒትሲንን የግዞት ሠፈር ታሪክ አወጣ፤ የታተመው መቶ ሺሕ ያህል ብቻ ስለ ነበረ በየቤተ መጻሕፍቱ ተራ ይያዝለት ጀመር። መጽሐፍ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ብዙ ቤተ ሰብ፣ የዓመቱን መጽሔት በታትኖ የአንዱን ልብ ወለድ ክፍሎች ለብቻ እየለቀመ በካርቶን ይጠርዝ ነበር። በ1990 የ«ኖቪ ሚር» ደንበኞች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሲደርሱ ወረቀት ጠፍቶ ቅጾቹ ወራት ዘገዩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሳንሱርን የሚሽረው ሕግ ጸና፤ ተከልክሎ የነበረው ሁሉ በየመጻሕፍት መደብሩ ይሸጥ ጀመር፤ ዋጋም ናረ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይም ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ደንበኛ ብቻ ቀረ።