የልጆች ከመጠን ያለፈ ውፍረት

ከመጠን ያለፈ ውፍረት በልጅ ሰውነት ውስጥ ስብ ጤናን እስከሚጎዳ ድረስ ሲከማች የሚከሰት ችግር ነው። ልኬቱ ክብደትን ከቁመት፣ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ያገናዝባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ 160 ሚሊዮን ያህሉ በዚህ ችግር ውስጥ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 1 በመቶ ነበሩ። የከተማው ሥጋት ግን በዚህ አገራዊ አማካይ ውስጥ ይደበቃል። በአዲስ አበባ እንደ ጦር ኃይሎች ባለ ሰፈር ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ለስላሳና ብስኩት ከደጃፉ ያገኛል። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ደንደን ያለ ሕፃንም «ተመችቶታል» ተብሎ ይሞገሳል።

የዘር ድርሻ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጥጋብን ለአንጎል የሚነግረው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን፣ በ2007 ደግሞ ኤፍ ቲ ኦ የተባለው ዘረመል ከውፍረት ጋር ያለው ዝምድና ታወቀ። በአንድ ዘረመል ጉድለት ብቻ የሚመጣ ውፍረት ግን ብርቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዘረመሎች ዝንባሌውን ሲያወርሱ አመጋገብና አኗኗር ያጎለብቱታል።

ስለዚህ ወላጅን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ቢሆንም በምሳ ዕቃው ቆሎና ሙዝ መያዝ፣ ለስላሳውን በውኃ መተካት በቤተሰብ እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለዚህ ግን የመጫወቻ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ይህም የከተማ አስተዳደር ድርሻ ነው።