ልብ አንጠልጣይ ፊልም እንዴት ይሠራል? የትሪለር ዘዴዎችና ዓይነቶች

የአምስት ደቂቃ ማጠቃለያ ቪዲዮ አይቶ "ፊልሙን እኮ አይቼዋለሁ" የሚል ጓደኛ መቼም አታጡም። ፊልሙ ትሪለር ከሆነ ግን ታሪኩን ሰማ እንጂ ፊልሙን አላየውም። ለምን እንደዛ እንደምንል ለማሳየት የትሪለርን የተለመዱ ዘዴዎችና ዋና ዋና ዓይነቶቹን አዘጋጅተንላችኋል። አትስጉ፣ የየትኛውንም ፊልም መጨረሻ አንናገርም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትሪለር ምንድን ነው?

እኛ አገር ፖስተር ላይ "ልብ አንጠልጣይ" ተብሎ የሚጻፈው ነው። የአማርኛ መምህራችን "ልብ ሰቀላ" እያሉ ያስተማሩንን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጠቀም የፊልም ዘውግ ነው ማለት ይቻላል። የምርመራ ፊልም "ማን ገደለው?" እያለ ያለፈውን ይጠይቃል። ትሪለር ደግሞ "ቀጥሎ ማን ሊሞት ነው? ይደረስለት ይሆን?" እያለ የሚመጣውን ያስጠብቃል። ሆረር በዋናነት ሊያስፈራን ይፈልጋል፣ ትሪለር ሊያስጨንቀን። ሁለቱን የሚቀላቅሉ ፊልሞችም ብዙ ናቸው።

ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብ

የዘውጉ አባት የሚባለው አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንስዋ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ መጠይቅ ነገሩን በምሳሌ አስረድቶታል። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡ ሲቀመጥ ቀድሞ ካየና የሚፈነዳበትን ሰዓት ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ ያስጨንቀዋል። "ኧረ ተነሱ!" እያለ ስክሪኑ ላይ ይጮሃል። ልዩነቱ ያለው ማን ምን ያውቃል የሚለው ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘዴዎች አብዛኞቹ በዚህ እውቀት የሚጫወቱ ናቸው።

የተለመዱ ዘዴዎች

1. የሚቆጥር ሰዓት፦ "ስፒድ" (1994) ላይ የአውቶቡሱ ፍጥነት በሰዓት ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ከወረደ ቦምቡ ይፈነዳል። ስለዚህ አንድ ተራ የመንገድ መዘጋጋት እንኳ የሞት ሽረት ጉዳይ ይሆናል።

2. መውጫ የሌለው ቦታ፦ "ሪር ዊንዶው" (1954) ላይ እግሩ የተሰበረ ፎቶግራፈር ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሳይነሳ፣ ጎረቤቱ ሚስቱን ሳይገድል አልቀረም ብሎ ይጠረጥራል። "ፎን ቡዝ" (2002) ላይ ደግሞ አንድ ሰው የስልክ ማነጋገሪያ ሳጥን ውስጥ በአነጣጣሪ ተኳሽ ይያዛል። ስልኩን ከዘጋ አለቀለት።

3. ሳያጠፋ የሚታደን ሰው፦ "ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት" (1959) ላይ አንድ የማስታወቂያ ባለሙያ ሰላይ ነው ተብሎ በስህተት ይሳደዳል። ተራ ሰው ስለሆነ "እኔ ብሆንስ?" ያሰኛል።

4. አሳሳች ፍንጭ፦ ዓይናችን ወደተሳሳተው ሰው እንዲሄድ ሆን ተብሎ የሚጣል ነገር ነው። ንግር እውነተኛውን መጪ ነገር ቀድሞ ሹክ ይላል፣ ይሄኛው ግን ይዋሻል። ሁለቱን መለየት ነው የተመልካቹ ጨዋታ።

5. ማክጉፊን፦ ሁሉም የሚሯሯጥለት፣ ለእኛ ግን ብዙም ግድ የማይሰጠን ዕቃ። ቦርሳ፣ ፍላሽ ወይም ሚስጥራዊ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ያስለመደው ሂችኮክ ነው።

6. አለማሳየት፦ "ጆውስ" (1975) ሲቀረጽ ሜካኒካሉ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረ። ስቲቨን ስፒልበርግም በሻርኩ ፈንታ የውኃውን ገጽና የጆን ዊልያምስን ሙዚቃ ተጠቀመ። ያልታየው ሻርክ ከሚታየው የበለጠ አስፈራ።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ሥነ ልቦናዊ ትሪለር፦ አደጋው ያለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። "መሜንቶ" (2000) ላይ ዋናው ገጸ ባሕሪ አዲስ ነገር ማስታወስ አይችልም። ታሪኩም በአብዛኛው ከኋላ ወደ ፊት ስለሚነገር እኛም እንደ እሱ ግራ ይገባናል። "ጎን ገርል" (2014) ላይ ደግሞ ባልና ሚስት የየራሳቸውን ታሪክ ይነግሩናል፣ ማንን እንደምናምን አናውቅም።

የወንጀል ትሪለር፦ "ሰቨን" (1995) እና አምስቱን ትልልቅ ኦስካሮች ጠራርጎ የወሰደው "ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ" (1991) እዚህ ይመደባሉ። የሕንዱ "ድሪሽያም" ነገሩን ገልብጦታል። በ2013 በማላያላም፣ በ2015 በሂንዲ የተሠራው ይህ ፊልም የሚያስጨንቀን ለፖሊስ ሳይሆን ሚስጥር ለያዘው ቤተሰብ ነው። አባትየው የፊልም ሱሰኛ ነው፣ ከፊልም የተማረውን ሁሉ ሥራ ላይ ያውለዋል።

የስክሪን ትሪለር፦ "ሰርቺንግ" (2018) ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተርና በስልክ ስክሪን ላይ የሚካሄድ ነው። አንድ አባት የጠፋች ልጁን በላፕቶፗ ውስጥ ይፈልጋታል። ጽፎ ሳይልከው የሚያጠፋው አንድ መልእክት ብቻ ስንት ነገር ይናገራል።

የፖለቲካና የስለላ ትሪለር፦ ጠላቱ አንድ ሰው ሳይሆን መንግሥት ወይም ድርጅት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ "ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል" (1973) መታየት አለበት። አንድ ቅጥረኛ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎልን ሊገድል ይዘጋጃል። ደጎል ግን በ1970 ቤታቸው ውስጥ በሕመም እንደሞቱ ዓለም ያውቃል። መጨረሻው ከመጀመሪያው የታወቀ ነው፣ ያም ሆኖ ገዳዩ ጠመንጃውን ሲገጣጥም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

መግቢያችን ላይ ያልነውም ይሄንኑ ነው። ማጠቃለያ ቪዲዮ የሚነግረን ቦምቡ መፈንዳት አለመፈንዳቱን ነው። ትሪለር ደግሞ 15ቱ ደቂቃ ራሱ ነው፣ እሱን ቆርጠን ካወጣነው የሚቀረው ወሬ ብቻ ነው። በተለይ ፊልም መሥራት የምትፈልጉ ልጆች፣ ቀጣዩን ትሪለር ስታዩ ኖቲፊኬሽን አጥፉና አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ አሁን እኔ የማውቀው፣ ገጸ ባሕሪው ግን የማያውቀው ምንድን ነው?

እናንተስ ትንፋሻችሁን ያስያዛችሁ ትሪለር የትኛው ነው? ጻፉልን። መጨረሻውን የሚናገር ግን ወዮለት!