የጎተራው እህል፦ ዳጉሳ፣ በቆሎና የአማን ቡና

የሀገራችን ታሪክ የነገሥታትና የአብዮት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የጎተራም ታሪክ ነው። ስለ ጤፍና ስለ ቡና ብዙ ተጽፏል። ስለ ዳጉሳ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ዳጉሳ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ምድር ተላምዶ፣ ከብዙ ዘመናት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሕንድ የገባ እህል ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በትግራይ እንጀራም፣ ጠላም፣ አረቄም ይሆናል። ፍሬው ደቃቅና ጠንካራ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በጎተራ ለዓመታት ይቆያል። አባቶቻችን የክፉ ቀን ስንቅ ያደረጉት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እንጀራው ጥቁር በመሆኑ ነጭ ጤፍ የክብር፣ ዳጉሳ የድኻ ማዕድ ተደርጎ ተቆጠረ።

መንግሥትም ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። በ1985 ዓ.ም. በሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተጀመረውና በኋላ መንግሥት ያስፋፋው የኤክስቴንሽን ሥራ፣ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ላይ ተመሥርቶ በተለይ በቆሎንና ስንዴን አስቀደመ። ምርቱ በእርግጥ አደገ። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ አሽቆለቆለ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ በቆሎውን ነቀዝ ሳይፈጀው በርካሽ ለመሸጥ ተገደደ። በማግሥቱ ድርቅ ሲመጣ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

አማንን የማነሣው እዚህ ላይ ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በአማንና በቴፒ ዙሪያ የገንዘብ ምንጩ ቡና ነው። በዚያው በ1994 ዓ.ም. ገደማ የዓለም የቡና ዋጋም ለአሠርት ዓመታት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወርዶ ነበር። ቡና ደግሞ ተሸጦ እህል ይገዛበታል እንጂ አይጋገርም። ከጓሮው ጎደሬና እንሰት ያለው ቤተሰብ ክፉውን ጊዜ የሚያልፍበት ነገር ነበረው፤ ቡናውን ብቻ ያመነ ግን እጁ ባዶ ቀረ። በሰሜን ዳጉሳ፣ በደቡብ ምዕራብ ጎደሬና እንሰት የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፦ ገበያ ሲከዳ ቤትን ማቆም።

እኔ በቆሎ ይቅር፣ ቡና ይነቀል አልልም። ዳጉሳም አረሙ አድካሚ ነው፤ ያለ ድካም አይገኝም። የምከራከረው መንግሥት እህልን በሄክታር ምርት ብቻ መመዘኑን ነው። የመቆየት አቅም የት ተመዘነ?

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2023ን ዳጉሳን ጨምሮ የደቃቅ እህሎች ዓመት ብሎ የሰየመው በሕንድ አነሳሽነት ነው። ከ100 ግራም ዳጉሳ እስከ 350 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይገኛል። የመልካሳ ምርምር ማዕከልም «ታደሰ» እና «ፓዴት» የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ዘሩም ዕውቀቱም በእጃችን ነው። እነዚህን ትቶ ስንዴ ከባሕር ማዶ መለመን፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ከሚባለው በምን ይለያል?