የጎንደር ዛር ቤትና የታመመ ሰውነት

ጎንደር ሲነሣ ግንቡና አድባራቱ ይታወሱናል፤ የዛር ቤቶቹ ግን እምብዛም አይወሱም። በ1924 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዳካር ወደ ጅቡቲ የሚያቀናው የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ መልካም አየሁ ከተባሉ ስመ ጥር ባለ ዛር ቤት ለወራት ተመላለሰ፤ ያየውንም በ1958 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ አወጣ።

ወደ ዛር ቤት የሚመጡት ሕመሙ አልለቅ ያላቸው፣ መካንነት ያስጨነቃቸው፣ ልጅ አልበረክት ያላቸው ነበሩ። ዕጣኑ ይጤሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፤ በሽተኛዋም አንገትና ትከሻዋን እያወዛወዘች ታጓራለች። ይህ ጉሪ ይባላል። ዛሩ ሲሰፍርባት ስሙን ይናገራል፣ ይፎክራል፣ ጌጥና መሥዋዕት ይጠይቃል። ባለ ዛሯ ዛሩን አታስወጣም፤ “ፈረሱ” ከሆነችው ሴት ጋር ታስታርቀዋለች እንጂ። በዚያው በ1958 የአንትሮፖሎጂ አጥኚው ሳይመን ሜሲንግ ይህን የኅብረት ሕክምና ሲል ጻፈ።

ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች፤ ግብሩም ድኻን ያራቁታል። ሆኖም በራሷ አፍ ብሶቷን መናገር ያልተፈቀደላት ሴት በዛሩ አፍ ስትናገር ባሏ ይሰማት ነበር። ዛሩን ስንነቅፍ፣ ያለ ዛሩ ማን ይሰማት እንደነበር መጠየቅም ይገባናል።