«ሜሴጁ አልገባም»፦ ከሁለቱ ቴምብር እስከ ሁለቱ ሲም

ካርቲየ 2 ውስጥ ዕቃ የሚያወጣ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል አለች፦ «ልኬያለሁ እኮ!» መልሷም የታወቀ ነው፦ «ምንም አልገባልኝም።» በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስንት ካርቶን ሳይጫን አድሯል፣ ስንት የቆየ ወዳጅነትም ሻክሯል። ድሬዳዋ ያለው ሰው ገንዘቡን ከላከ በኋላ ሜሴጁን እንደ ደረሰኝ ይቆጥረዋል፤ እዚህ ያለው ደግሞ ሜሴጁን በዓይኑ ካላየ ብሩ አልተላከም ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የቀረው ሜሴጁ ነው፤ የት ቀረ የሚለው ግን ሰፊ ጥያቄ ነው። ስልክ ከማጥፋትና ከማብራት አልፎ ለመሄድ የነገሩን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርገናል፤ የወደቡ ወረቀት የሚሠራው በዚያው ነውና።

በዚህ መስመር ላይ መልእክት መቅረት የተጀመረው በስልክ አይደለም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮቿን ያወጣችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 ነበር፤ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1908 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ቴምብር የሚያገለግለው አገር ውስጥ ብቻ ነበር። ከሐረር ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ ከዚያ ወዲያ ለመሻገር የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሁለቱ ቴምብሮች ጎን ለጎን የተለጠፉበት ፖስታ ዛሬ ቴምብር ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነገር ነው። ለእኛ ግን የሚነግረን ሌላ ነው፦ አንዱ አገር ተቀብሎ የተከፈለበት መልእክት፣ ሌላው አገር ስምምነት ከሌለው ድንበሩ ላይ ይቆማል። የኢትዮጵያ ሲሙን ኪሱ ይዞ የመጣ ሰው ሮሚንግ ሳይኖረው ካርቲየ 2 ተቀምጦ ሜሴጅ ሲጠብቅ፣ ያው አንድ ቴምብር ብቻ የተለጠፈበት ደብዳቤ መሆኑ ነው።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ሐዲዱ ባለፈበት ሽቦውም አብሮ ሄደ። ቴሌግራም (የዛሬውን አፕ ሳይሆን የጥንቱን ማለታችን ነው) በቃል ቁጥር ይከፈልበት ስለነበር ነጋዴው ቃል መቆጠብን ከዚያ ተማረ። የቴሌግራም ትልቁ ጥቅሙ ግን ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። በአንዱ ጫፍ የሚቀበል፣ በሌላው ጫፍ የሚያደርስ ሰው ነበረበት። ቢቀር የሚጠየቅ አለ። ዛሬ ያጣነው ይህን ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። በ1985 አካባቢ ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ቦን ከተማ ቁጭ ብሎ በታይፕራይተር እንዲያው የመጡለትን ዓረፍተ ነገሮች እየጻፈ ፊደላቸውን ቆጠረ። አብዛኞቹ ከ160 ፊደል በታች ሆነው አገኛቸው፤ ፖስት ካርድም ቢሆን ከዚያ እምብዛም አይበልጥም ነበር። የአጭር መልእክት ልክ በዚያ ተወሰነ። የመጀመሪያው አጭር መልእክት እንግሊዝ አገር የተላከው በታኅሣሥ ወር 3 ቀን 1992 ነው፤ የላከው ኒል ፓፕዎርዝ የተባለ ወጣት ሲሆን መልእክቱም «መልካም ገና» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አሠራሩን ነው። ሜሴጅ እንደ ስልክ ጥሪ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ የላኪው ኩባንያ የመልእክት ማዕከል ይቀበለውና ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ የተቀባዩን ስልክ ይፈልጋል። ስልኩ ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከሌለው ይጠብቃል፣ ደግሞም ይሞክራል። ለመጠበቅ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ግን ይጥለዋል፤ ሲጥለውም ለተቀባዩ አይናገርም። ላኪው ስልክ ላይ «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ «ማዕከሉ ተቀብሎኛል» ማለት እንጂ «ሰውየው ጋ ደርሷል» ማለት አይደለም። ለመድረሱ «ደርሷል» የሚል ሪፖርት ለብቻው አለ፤ ከስልኩ የሜሴጅ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። የካርቲየ 2 ጭቅጭቅ ግማሹ የሚመጣው ከዚህች ከ«ተልኳል» ነው ብንል አላጋነንንም። ጋላፊን ወይም ደወሌን አልፈው ወደ አገር የሚገቡ ሾፌሮች የኢትዮጵያ ኔትወርክ እንደያዘላቸው ስልካቸው ተከታትሎ ሲጮህ የሚሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማዕከሉ ያቆየውን ይለቃል። የማይመጣው ጊዜው ያለፈበት ነው።

በኢትዮጵያ ሞባይል ሥራ የጀመረው በ1999 ነው። የሜሴጅ ልማድ ገና ሥር ሳይሰድ ግን የግንቦት 2005 ምርጫ መጣ፤ ምርጫ 97 የምንለው። ተቃዋሚዎች ደጋፊዎቻቸውን ለመጥራት አጭር መልእክት በሰፊው ተጠቀሙበት፤ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግርግርም መንግሥት አገልግሎቱን በመላው አገሪቱ ዘጋው። የተከፈተው በሚሌኒየሙ በዓል ሰሞን፣ በመስከረም 2007 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ! በሌላው ዓለም ሰው ከመደወል ይልቅ መጻፍ በሚለምድበት በዚያ ወቅት፣ የእኛ ነጋዴ በድምፅ መነገድን ለመደ። «ሚስኮል» የራሱ ቋንቋ ነበረው፦ አንዴ ጠርቶ ቢዘጋ መኪናው ወጥቷል፣ ሁለቴ ቢጠራ ደውልልኝ። ትርጉሙን ቀድመው የተስማሙ ሁለት ሰዎች ሳንቲም ሳያወጡ ይግባቡበታል። እስካሁንም ሽማግሌዎቹ ነጋዴዎች በጽሑፍ የመጣ ነገር በጆሯቸው ካልተደገመላቸው የማያምኑት እንዲሁ በግትርነት አይመስለንም። በጽሑፍ የመጣ ነገር ድንገት ሊዘጋ እንደሚችል ኖረውበት ያውቃሉ።

በኋላ ደግሞ ተገላቢጦሹ መጣ። በ2020 ክረምት በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ዋትስአፑም ቴሌግራሙም አብሮ ጠፋ፤ ሜሴጅ በኢንተርኔት ሳይሆን በስልኩ መስመር ስለሚሄድ ሰው ወደ ረሳው ወደ አጭር መልእክት ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው የፊደላችን ጉዳይ የታየው።

ሂለብራንድ የቆጠራቸው 160ዎቹ የላቲን ፊደላት ናቸው። የመልእክቱ ሳጥን ልኩ 140 ባይት ነው፤ የላቲኑ ፊደል ተጨምቆ ስለሚገባ 160 ይይዛል። የግዕዝ ፊደል ግን ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል። በላቲን 150 ፊደል ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ «ብር» የምትለውን ቃል በአማርኛ ፊደል ብትጨምሩ፣ መልእክቱ በሙሉ ወደ ግዕዙ ሒሳብ ይዞርና ሦስት ቦታ ይከፈላል። ሦስቱ ቁራጮች የሚጓዙት ለየብቻ ነው፤ ሒሳቡም የሦስት ነው። ተቀባዩ ስልክ ሁሉም እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል፤ አንዱ ከቀረ ብዙ ስልኮች የመጡትን ሁለቱንም አያሳዩም። «ግማሹ እንኳ አልመጣም» ማለት እንግዲህ ሁሉም ቀረ ማለት ላይሆን ይችላል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ የዚያ ዘመን ስልኮች ግን ፊደሉ ስላልነበራቸው አማርኛው የሚወጣው አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ነበር። ሳጥን ደርድሮ ያየ ሰው መልእክት መስሎት አያውቅም፤ ይሰርዘዋል። አማርኛን በእንግሊዝ ፊደል የመጻፍ ልማድ ብዙዎች እንደሚሉት የስንፍና ብቻ አልነበረም፤ ርካሽም ነበር፣ በእርግጥም ይደርስ ነበር። (ሲነበብ ግን አበሳ ነው። «በላ» እና «በለ» ተለይተው የማይታወቁበት ጽሑፍ ላይ የዋጋ ድርድር አታድርጉ።)

ከዚያ ደግሞ ቁጥሮቹ አሉ። ጅቡቲ ውስጥ የስልክ ቁጥር ስድስት አሃዝ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ዛሬ ስምንት ነው፣ የሞባይሉም በ77 ይጀምራል። የኢትዮጵያም በ2005 ረዝሞ አሁን የምናውቀው 09 ሆነ፤ ሳፋሪኮም በ2022 ሲገባም 07 ተጨመረ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ የመጣ የቆየ መዝገብ ውስጥ ያልታደሰ ቁጥር አይጠፋም። ከሁሉ የሚብሰው በ09 ብቻ የተመዘገበው ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ይሠራል፤ ከጅቡቲ ሲም ሲላክ ግን የትም አይደርስም። በ+251 ጀምራችሁ፣ ዜሮዋን ጥላችሁ መዝግቡት። የጅቡቲውንም ለኢትዮጵያ ሰዎች ስትሰጡ በ+253 ስጡ።

ስልኩ ራሱ የሚደብቀውስ? በኖኪያው ጊዜ ሲም ካርዱ የሚይዘው ጥቂት ሜሴጅ ብቻ ነበር፤ ሲሞላ ፖስታዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ አንዱን ካልሰረዙ አዲሱ አይገባም። የዛሬው ስልክ ቦታ ሞልቶታል፤ ችግሩ ክፍሉ መብዛቱ ነው። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች የተጠረጠረ ሜሴጅን «ስፓምና የታገዱ» የሚል ክፍል ውስጥ ሳያንኳኩ ያስገቡታል፤ ጣት ሲንሸራተትም ሜሴጅ ወደ አርካይቭ ይገባል። ጠፋ ከማለታችሁ በፊት ሁለቱንም ክፈቱ። ሌላ የሜሴጅ አፕ የጫነ ሰውም ሜሴጁ የሚገባው አዲሱ አፕ ውስጥ ሆኖ አሮጌውን ሲከፍት ይውላል። ከአውሮፓ የመጣ አይፎን ተጠቅሞ ወደ አንድሮይድ የዞረ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ቁጥሩ አፕል ዘንድ እንደተመዘገበ ከቀረ፣ አይፎን ያላቸው ወዳጆቹ የሚልኩለት ወደ ሌለው ስልክ ይሄዳል። ለዚህ ቁጥር ማስወጫ ኩባንያው በ2014 አዘጋጅቷል።

አንዱ ግን የእኛው ብቻ ነው። ስልኩን በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት የሞላ ሰው አይጠፋም። ስልኩ ከሰባትና ስምንት ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል፤ የገባለትን ሜሴጅ በዚያ ቀን ያስቀምጠዋል። በኋላ ቀኑ ሲስተካከል የትናንቱ ሜሴጅ ከዝርዝሩ ታች፣ ከጥንት መልእክቶች ጋር ይወርዳል። አልጠፋም። ወደ ታች የሚወርድለት ጣት ነው ያጣው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ እስኪገባበት ድረስ የብስጭት ነገር ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2021 ከጀመረ ወዲህ ግን ሜሴጅ የክፍያ ማረጋገጫ ሆነ፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ሜሴጅ ብቻ ሳይሆን የማይቀረውም አስጊ ሆነ። የሚመስል ሜሴጅ ከግል ቁጥር አስመስሎ ልኮ ዕቃ የሚያስወጣ ሌባ አለ። ሜሴጁ ያልገባለት ሰው ይጨቃጨቃል እንጂ ዕቃው አለ፤ የሐሰት ሜሴጅ የገባለት ግን ደስ ብሎት ያስጭናል።

ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ሒሳብ ማየት ከሜሴጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እሱ ማዕከል ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ መልእክት ሳይሆን በዚያችው ደቂቃ የሚከፈት መስመር ነው፤ ወይ ይመልሳል ወይ አይመልስም፣ መንገድ ላይ የሚቀር የለም። ሜሴጁ ባይገባም ብሩ ከገባ እዚያ ይታያል፤ ሜሴጁ ሐሰት ከሆነም እዚያ ይጋለጣል።

ስለዚህ ካርቲየ 2 ውስጥ ከዓመት ዓመት እየተለመደ የመጣው አሠራር ይህ ነው። ከጅቡቲ የማይወጣ ነጋዴ የገንዘብ መቀበያውን መስመር እዚህ ኔትወርክ ፍለጋ ከማንከራተት፣ ክፍያውን ድሬዳዋ ባለ ሸሪኩ ስም ያስገባል። ላኪው ይደውልና የግብይት ቁጥሩን ፊደል በፊደል ያነባል፤ ሸሪክየው ሜሴጁን ሳይሆን ሒሳቡን ከፍቶ ያያል። ከዚያ ወደ ካርቲየ 2 ይደውላል። ከዚያ በኋላ ነው ካርቶኑ ከመጋዘን የሚወጣው።